ልጅ ያቦካው ለራት ሲበቃ
(ወጣቶች በገዛ ድምፃቸው ስለሚያዘጋጁት ሥራና ስለ አድማጩ)

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ በማድ ቤት ውስጥ እውነትነት አለው። ዱቄቱን በውኃ የሚያጥለቀልቅ ልጅ ቤተ ሰቡን ጦም ሊያሳድር ይችላልና። ነገር ግን አባባሉ ከማድ ቤት ወጥቶ በየጉባኤውና በየሸንጎው ሲጠቀስ ኖሯል፤ በዚያም ትርጉሙ «ልጅ የሚናገረው ለቁም ነገር አይበቃም» ወደሚለው ተዛውሯል። እኛም በዚህ አባባል ዝም እየተባልን አድገናል፤ ዕድሜያችን ሲገፋ ደግሞ በተራችን ልጆቻችንን ዝም አሰኝተንበታል።

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ወጣቶች ያዩትንና የኖሩትን በገዛ ድምፃቸው አዘጋጅተው ለሕዝብ ሲያቀርቡ ሥራቸው ለቁም ነገር የሚበቃበትን መንገድ፣ አድማጭም የሚያገኙበትን ሁኔታ ነው። በመጀመሪያ በምንኖርበት በአሜሪካ አገር የተሠራውንና በይፋ የሚታወቀውን ሥራ እንመለከታለን። ቀጥለን ወደ አገራችን የቅኔ ቤት እንሻገራለን፤ በመጨረሻም ወደ ራሳችን አዳራሽ እንመለሳለን። በዚያ የፈጸምነው ስሕተት አለና እርሱን ሳንናገር ትምህርቱን ብቻ ብንሰጥ ሐቀኞች አንሆንም። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

1. ሁለት ልጆችና አንድ የድምፅ መቅረጫ

በቺካጎ ከተማ ደቡባዊ ክፍል አይዳ ቢ ዌልስ የሚባሉ፣ መንግሥት ለዝቅተኛ ነዋሪዎች ያሠራቸው ሕንፃዎች ነበሩ። ስማቸውን ያገኙት ከ1862 እስከ 1931 ከኖረችው ጥቁር አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ነው። ይህች ሴት በሜምፊስ ከተማ ታዘጋጀው የነበረው ጋዜጣ ጥቁሮች ያለ ፍርድ በመንጋ እየተሰቀሉ መገደላቸውን ስላወገዘ፣ በ1892 ጽሕፈት ቤቱ በመንጋ ተደምስሶባታል። እርሷም በኋላ ኑሮዋን በቺካጎ አድርጋ እስከ ዕለተ ሞቷ ብዕሯን አልጣለችም። ሕንፃዎቹ ስሟን ይዘው በ1941 ተከፈቱ። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ግን ስለ ነዋሪዎቹ የሚጽፈውና የሚናገረው በአመዛኙ ከውጭ የሚመጣ ሰው ነበር፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሰው ሲገደል ነው።

በ1993 ዴቪድ አይሴ የተባለ ወጣት የሬዲዮ አዘጋጅ ለሁለት የሠፈሩ ልጆች የድምፅ መቅረጫ ሰጣቸው። አንደኛው ሊአላን ጆንስ ሲሆን ዕድሜው 13 ዓመት ነበር። ሁለተኛው ሎይድ ኒውማን የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ሎይድ የሚኖረው በሕንፃዎቹ ውስጥ ሲሆን፣ ሊአላን በዚያው አቅራቢያ ከአያቶቹ ጋር ይኖር ነበር። ልጆቹ መቅረጫውን ይዘው ለ10 ቀናት ዞሩ። ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ አውቶቡስ ሲሳፈሩ፣ በየደረጃው ሲወጡና ሲወርዱ ቀረጹ። ሊአላን የቤተ ሰቡን ታሪክና የማያውቀውን የአባቱን ነገር የቅርብ ዘመዶቹን ጠየቀ። ሎይድም በመጠጥ የተጎዳ አባቱን ፊት ለፊት አነጋገረ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከውጭ የመጣ ጋዜጠኛ ቢጠይቅ ወይ በሩ ይዘጋበታል፣ ወይ የተዘጋጀ መልስ ይሰጠዋል። ልጅ አባቱን ሲጠይቅ ግን አባት የሚመልሰው ለሬዲዮ አድማጭ ብቻ አይደለም፤ አብሮት ለሚያድር ልጁ ጭምር ነው።

ከተቀረጸው ውስጥ ተመርጦ የግማሽ ሰዓት ያህል ዝግጅት ወጣ። ስሙም «ጌቶ ላይፍ 101» ተባለ። 101 በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ የትምህርት ዓይነት መግቢያ የሚሰጥ ቁጥር መሆኑን ልጆቻችሁን ኮሌጅ ያስገባችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ስያሜው ራሱ ቦታ አለዋውጧል፤ ልጆቹ መምህራን፣ አድማጩ ጀማሪ ተማሪ ሆነዋል። ዝግጅቱን የቺካጎው ደብልዩ ቢ ኢ ዚ የተባለው የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ አሰማው፤ ቀጥሎም በናሽናል ፐብሊክ ሬዲዮ አማካይነት በመላው አሜሪካ ተደመጠ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በጥቅምት ወር 1994 በዚያው በአይዳ ቢ ዌልስ ሕንፃ ኤሪክ ሞርስ የተባለ የ5 ዓመት ሕፃን፣ የ10 እና የ11 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሁለት ልጆች ከ14ኛ ፎቅ መስኮት ተወርውሮ ሞተ። ወሬው አገር አዳረሰ። ጋዜጠኞች መጥተው ሄዱ። ሊአላንና ሎይድ ግን አንድ ዓመት ያህል ወስደው ጎረቤቶችን፣ የጉዳዩን ባለቤቶችና ባለሥልጣናትን አነጋገሩ። በ1996 የተሰማው ይህ ሁለተኛ ሥራቸው በአሜሪካ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሥራ ከፍ ያለ ክብር ያለውን የፒቦዲ ሽልማት አገኘ። በ1997 ሁለቱም ሥራዎች «አወር አሜሪካ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ ወጡ።

ዛሬ እነዚያ ሕንፃዎች የሉም፤ እስከ 2011 ድረስ ባለው ጊዜ ፈርሰው አልቀዋል። ሎይድ ኒውማንም በ2022 መጨረሻ በ43 ዓመቱ አርፏል። የሠፈሩ ድምፅ፣ የልጆቹ ሳቅ፣ የአባትዮው መልስ ግን አለ። ያ መቅረጫ በዚያን ጊዜ ለልጆቹ ባይሰጥ ኖሮ ከፍርስራሹ ጋር አብሮ በጠፋ ነበር።

2. አሠራሩ እንዴት ነው?

ብዙ ሰው «ልጆቹ ተሰጥዖ ነበራቸው» ብሎ ያልፋል። ተሰጥዖ እንደ ነበራቸው አንክድም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሥራ ሲደጋገም ስናይ አሠራር እንዳለው እንረዳለን። በ1996 ጆ ሪችማን የተባለ አዘጋጅ «ቲንኤጅ ዳያሪስ» (የወጣቶች የዕለት ማስታወሻ) የተሰኘ ተከታታይ የሬዲዮ ዝግጅት ጀመረ። በልዩ ልዩ ቦታ ለሚኖሩ ወጣቶች መቅረጫ ሰጥቶ፣ የዕለት ኑሯቸውን እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ ጊዜ እንዲቀርጹ አደረገ። አንዱ ወጣት የሚቀርጸው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ሰዓት ይበልጣል፤ ለአድማጭ የሚደርሰው ግን ከዚያ ተጣርቶ የወጣው ጥቂት ደቂቃ ነው። በ2013 ከእነዚያ ወጣቶች አንዳንዶቹ ጎልማሶች ሆነው እንደ ገና ኑሯቸውን ቀርጸው አሰምተዋል።

ከዚህ አሠራር ሦስት ነገሮችን እንለያለን። አንደኛው ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚቀረጸው ቀልድና እፍረት ነው፤ ቁም ነገሩ የሚመጣው ልጁ መቅረጫውን ሲለምደው፣ ቤተ ሰቡም መቅረጫው መኖሩን ሲረሳ ነው። ሁለተኛው አራሚ ነው። ከ30 ሰዓት ውስጥ የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይጣል የሚለውን ልጁ ብቻውን አይወስንም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አብሮት ተቀምጦ፣ ቃሉን ሳይለውጥበት፣ ምክንያቱን እየነገረው ያርማል። ሦስተኛው በር ነው። ሥራው ከማለቁ በፊት የሚሰማበት ሰዓትና ጣቢያ ታስቦለታል። ልጁ ለማን እንደሚናገር ስለሚያውቅ ንግግሩን ያስተካክላል።

በካሊፎርኒያ በበርክሊ ከተማ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤሊን ኦሊሪ የተባለች ጋዜጠኛ የመሠረተችው «ዩዝ ሬዲዮ» ደግሞ አንድ ነገር ይጨምርበታል። በዚያ ሥልጠናውን የጨረሰ ወጣት አዲስ የገባውን ያስተምራል። ድርጅቱ በ2007 ወደ ኦክላንድ ተዛውሮ፣ በ2018 ስሙን «ዋይ አር ሚዲያ» ብሎ ለውጧል። ከዚህ ቤት ከወጡት ሥራዎች አንዱን ብቻ እናንሣ። ፊኔጋን ሃሚል የተባለ የ16 ዓመት የበርክሊ ተማሪ በቤተ ክርስቲያኑ የወጣቶች ስብሰባ ላይ ሳለ፣ ከኮሶቮ የተመለሰ አንድ የሰላም ሠራተኛ እንግዳ ሆኖ መጣ፤ የእኩያውን የአንዲት አልባንያዊት ልጅ የኢሜይል አድራሻም ሰጠው። ሁለቱ ልጆች መጻጻፍ ጀመሩ። በ1999 መጀመሪያ ደብዳቤዎቹ በናሽናል ፐብሊክ ሬዲዮ ሲነበቡ፣ የኮሶቮ ጦርነት ለአሜሪካ አድማጭ ከካርታና ከቦምብ ቁጥር ወጥቶ ትምህርትዋንና ጓደኞችዋን የምትወድ የአንዲት ልጅ ኑሮ ሆነ። ለደኅንነትዋ ሲባል በእውነተኛ ስምዋ አልተጠራችም፤ «አዶና» በሚል ስም ነበር የቀረበችው። ይህን ጥንቃቄ ዝቅ ብለን እንመለስበታለን።

3. አድማጭ ከየት ይመጣል?

«ያ ሁሉ የሆነው በቴፕ ዘመን ነው፤ ዛሬ እያንዳንዱ ልጅ በኪሱ መቅረጫም ካሜራም ጣቢያም ይዞ ይዞራል» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው። ዩቲዩብ በ2005 ከተከፈተ ወዲህ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ ለዓለም መናገር ይቻላል። ከላይ ካልናቸው ከሦስቱ ነገሮች አንዱ፣ ማለትም በሩ፣ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጊዜውና አራሚው ግን ከበሩ ጋር አልመጡም። ከዚህም የተነሣ ልጆቻችን ያልታረመ ሥራቸውን ለማያውቋቸው ሰዎች ይበትኑና፣ ስንት ሰው እንዳየላቸው በየሰዓቱ ቁጥር ሲመለከቱ ይውላሉ። ቁጥሩ ሲያንስ ራሳቸውን ይንቃሉ፤ ቁጥሩን ለማብዛት ሲሉ ደግሞ የራሳቸውን ያልሆነ ነገር መናገር ይጀምራሉ።

የአድማጭ ትርጉም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። የቅኔ ቤታችን ወጣቱን ከአድማጭ ጋር የማገናኘት ሥርዓት ለብዙ ዘመን ሲጠብቅ ኖሯልና። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ሆነ በሌላው፣ ተማሪው የሚጀምረው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። ቀን ከሰው ተለይቶ፣ በዛፍ ጥላ ወይም በደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጦ ይቈጥራል። ከዚያም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ የቈጠረውን ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፤ እኩዮቹም ቆመው ይሰማሉ። ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ፣ ከዚያም በላይ ይወጣል። ብስለቱ ሲታወቅ በማኅሌት ቆሞ በሊቃውንቱና በሕዝቡ ፊት ይቀኛል። የሚያሰማው ቅኔ ከሌላ የተቀዳ ሊሆን አይገባም፤ የዕለቱ፣ የራሱ መሆን አለበት። ያማረ እንደ ሆነ «ይበል!» ይባልለታል። ያላማረ እንደ ሆነም ይነገረዋል።

እኛ በልጅነታችን የመጀመሪያውን ጉባኤ ቃናችንን በነገርን ዕለት፣ መምህራችን ከሁለቱ ቤት አንዱን ሙሉ በሙሉ ጣሉት። ከሁለተኛውም አንዲት ቃል ብቻ አስቀሩልን። ያችን አንዲት ቃል ግን ለጓደኞቻችን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሟት። ከዚያ በኋላ በዩኒቨርሲቲ ብዙ ጽሑፍ አቅርበናል፤ በብዙ ጉባኤም ተጨብጭቦልናል። የዚያችን ቃል መደገም ያህል ያበረታን የለም። መምህራችን ቃሊቱን የደገሟት የጣሉትንም ስለ ሰሙ ነው። ሁሉን ቢያደንቁልን ኖሮ የትኛዋ ቃል እንደ ተሳካችልን ባላወቅን ነበር።

እንግዲህ በቅኔ ቤት የወጣቱ አድማጭ በሦስት ክበብ የቆመ ነው። በመጀመሪያው ክበብ አራሚ መምህር፣ በሁለተኛው እኩዮች፣ በሦስተኛው ሕዝብ አለ። የቺካጎዎቹንም ሆነ የበርክሊውን ሥራ ብንመረምር እነዚህን ሦስት ክበቦች እናገኛለን። በኪስ ስልክ የሚናገረው ልጃችን ግን ከመጀመሪያው ተነሥቶ በቀጥታ ሦስተኛው ክበብ ውስጥ ይወድቃል። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ክበብ ልንሆንለት የሚገባን እኛ፣ ወላጆቹና ማኅበረ ምእመናኑ ነበርን።

4. የገመና ነገር

እዚህ ላይ ከሽማግሌዎቻችን የሚነሣ ከባድ ጥያቄ አለ። «ልጆቹ የቤታችንን ገመና አደባባይ ቢያወጡትስ?» ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የቺካጎዎቹም ልጆች ሥራ ይህን ጥያቄ ያስነሣል። አስቀድሞ በክፉ ዓይን የሚታይን ሠፈር ስካርና ችግር በአገር ሬዲዮ ማሰማት፣ የሚንቁትን ሰዎች ንቀት ማጽደቅ አይሆንምን? የእኛም ሰው በባዕድ አገር ስሙን ለመጠበቅ ብዙ ስለ ደከመ፣ ልጁ በማይክሮፎን ፊት ሲቀመጥ መጨነቁ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ገመና የሚለውን ቃል አጥርተን እንመልከተው። ገመና ባለቤት አለው። የሌላውን ገመና የሚገልጥ ይበድላል፤ የራሱን መከራ ራሱ የሚናገር ግን ማንንም አልገለጠም። ሎይድ ስለ አባቱ ሲናገር ስለ ራሱ የልጅነት ኑሮ መናገሩ ነበር፤ አባቱም በገዛ አንደበቱ መልስ ሰጥቷል። ከዚህም ሌላ ልጆቹ ችግሩን ብቻ አላሰሙም። በዚያው ሠፈር አያት የልጅ ልጇን ስታሳድግ፣ ጓደኛ ለጓደኛው ሲያስብም ይሰማል። ንቀትን የሚያጸድቀው ጎዶሎ ወሬ ነው። ሙሉው ኑሮ ሲሰማ አድማጩ ራሱን ከተናጋሪው ጋር ማስተያየት ይጀምራል።

ይህም ሆኖ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከላይ ካየነው አሠራር አራት ደንቦችን ማውጣት ይቻላል።

ሀ/ የሚቀረጸው ሰው አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ከተቀረጸም በኋላ ለሕዝብ ሳይሰማ በፊት ሐሳቡን ለመለወጥ መብት ይኑረው።

ለ/ ጉዳት የሚያገኘው ሰው ካለ፣ ለአዶና እንደ ተደረገላት፣ ስሙ ይለወጥ። በአገር ቤት ወይም በዐረብ አገሮች ዘመድ ያለው ሰው የሚናገረው ለዘመዱ መዘዝ ሊሆን እንደሚችል ይታሰብ።

ሐ/ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ስለ ራሱ የሚናገረውን አዋቂ አብሮት ይመዝን። በ14 ዓመት የተለቀቀ ነገር በ30 ዓመት ሥራ ሲፈለግ ሊገኝ ይችላልና።

መ/ «ይቅር» የሚል ሰው፣ ይቅር የሚልበትን ምክንያት ለባለ ታሪኩና ለአዘጋጆቹ ፊት ለፊት ይንገር።

ይህችን የመጨረሻዋን ደንብ የጨመርናት ከራሳችን በደል ተምረን ነው።

5. በአዳራሻችን የሆነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት አምስት የደብራችን ወጣቶች፣ ታናሺቱ 15 ታላቂቱ 19 ዓመት የሆናቸው፣ ሰባት እናቶችንና አባቶችን ወደዚህ አገር እንዴት እንደ መጡ ጠይቀው በስልክ ቀረጹ። ሥራው ዘጠኝ ወር ወሰደባቸው። አንዳንዱ አማርኛቸው የተሰበረ ነበር፤ ጥያቄውን ግን ያውቁት ነበር። 40 ደቂቃ አድርገው አዘጋጁትና በክብረ በዓል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ እንዲሰማላቸው ጠየቁ። እኛ አስቀድመን እንድናየው ከተመደቡት ሰዎች አንዱ ነበርን።

ከሰባቱ አንዱ አባት በአገር ቤት መምህር የነበሩ ናቸው። በሱዳን በኩል መጥተው፣ በዚህ ከተማ 11 ዓመት በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ የሌሊት ዘበኛ ሆነው መሥራታቸውን፣ በአገር ቤት ላሉት ዘመዶቻቸው ግን «ቢሮ ነው የምሠራው» እያሉ መጻፋቸውን፣ ልጆቻቸውም እስኪያድጉ ድረስ አለማወቃቸውን ተናገሩ። እኛ ይህን በሰማን ጊዜ ደነገጥን። «የእኚህን የተከበሩ ሰው ገመና ለምን እናወጣለን?» ብለን ያ ክፍል እንዲቆረጥ ወሰንን። ወጣቶቹ አንቆርጥም አሉ። ምክንያታቸውን ሊነግሩን ሲጀምሩ፣ ጊዜ የለም ብለን አሳረፍናቸው። በመጨረሻም «እንዳለ ይሰማ» ተባለና በበዓሉ ዕለት ተከፈተ። ነገር ግን 12 ደቂቃ ያህል እንደ ሄደ ምግቡ ቀረበ፤ ሰው ተነሣ፤ ጫጫታው በዛ፤ አንድ ሰው ሄዶ አጠፋው። ያ ሰው እኛ አልነበርንም፤ ሲያጠፋው ግን ዐይተን ዝም አልን። በልባችንም እፎይ ብለናል።

እኚያ አባት በዚያ ሰዓት ከኋላ ባለው ወንበር ተቀምጠው ነበር። ስለ ገመናቸው ያን ያህል ስንከራከር አንድ ቀን እንኳ እርሳቸውን አልጠየቅናቸውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። በለቅሶው ቤት ከአምስቱ ወጣቶች አንዷ ወደ እኛ መጥታ ስልኳን ከፈተችና ያልተሰማውን ክፍል አሰማችን። በዚያ ውስጥ እርሳቸው ለልጆቹ፣ ይህን ነገር ሲያሰሙ ሳያስቀሩ እንዲያሰሙት፣ ልጆቻቸው ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእርሳቸው አፍ እንዲሰሙት እንደሚፈልጉ ይናገራሉ። ወጣቶቹ ሊነግሩን የፈለጉት ምክንያት ይህ ነበር። እኛ ደበቅንላቸው ያልነው፣ እርሳቸው ሊያወርዱት የፈለጉትን ሸክም ነው።

ይህች ወጣት ዛሬ በሌላ ከተማ በእንግሊዝኛ ለሚተላለፍ ሬዲዮ ዝግጅት ትሠራለች። አንድ ቀን መኪና እየነዳን ሳለ ድምፅዋን በአጋጣሚ ሰማን፤ የሌላ አገር ስደተኛ የሆኑ አንዲት አሮጊት ታነጋግር ነበር። ጥያቄዋ ያው በአዳራሻችን የሰማነው፣ ጸጥ ብሎ የሚጠብቅ ጥያቄ ነው። ደስም አለን፤ አፈርንም። ለባዕድ አድማጭ የበቃው ሥራ ለእኛ ራት አልበቃም ተብሎ ነበርና።

6. ምን እናድርግ?

የዚህ አገር ሰዎች ከዚህ ቀደም ያደረጉትን መመልከት ይጠቅመናል። ለሊአላንና ለሎይድ መቅረጫውን የሰጠው ዴቪድ አይሴ በ2003 በኒው ዮርክ «ስቶሪኮር» የተባለ ድርጅት መሠረተ። በዚያ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ለ40 ደቂቃ ይነጋገራሉ፤ በፈቃዳቸውም ንግግሩ በዋሺንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። በ2015 ድርጅቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በምስጋና በዓል ሰሞን የቤተ ሰባቸውን ሽማግሌ እንዲቀርጹ ጥሪ አደረገ። ይህን የመሰለ ሥራ ለእኛ ደብር ሩቅ አይደለም። ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በወር አንድ እሑድ ከትምህርት በኋላ አንድ ክፍል ለወጣቶቹ ይለቀቅላቸው። መሣሪያው በኪሳቸው አለ፤ የጎደላቸው ጸጥ ያለ ቦታና ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ ሁለት አራሚዎች ይመደቡላቸው፤ አንዱ ቋንቋና ታሪክ የሚያውቅ፣ ሌላው የድምፅና የምስል ሥራ የሚያውቅ። ከወጣቶቹም ቀድሞ የተማረው የኋለኛውን ያስተምር።

ሦስተኛ፣ በየሦስት ወሩ በአንድ በዓል ቀን ለሥራቸው 15 ደቂቃ ይሰጥ። ይህም ምግብ ከመቅረቡ በፊት ይሁን። ካለቀም በኋላ አድማጩ ያማረውንና የጎደለውን በግልጽ ይንገራቸው። «ጎበዝ ልጆች» ብሎ ማጨብጨብ ብቻ አይበቃም።

አራተኛ፣ የተሠራው ሁሉ በሁለት ቅጂ ተቀምጦ፣ የተናጋሪው ስም፣ ቀኑ፣ ቦታውና ፈቃዱ በመዝገብ ይጻፍ።

አምስተኛ፣ እኛ ሽማግሎች ስንጠየቅ እንመልስ። «ምን አለኝና?» የሚለው ትሕትና በዚህ ጉዳይ ልጆቹን ባዶ እጃቸውን የሚመልስ ነው።

የመጀመሪያው የ15 ደቂቃ ድምፅም ያ ሳይሰማ የቀረው ክፍል ይሁን ብለን የአባትየውን ልጆች ጠይቀናል፤ እነርሱም ፈቅደዋል። ወጣቶቹን ደግሞ በዚህ ጽሑፍ ይቅርታ እንጠይቃለን። በሚመጣው ክብረ በዓል ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ይሰማል። በዚያን ዕለት በመዝጊያው አጠገብ የምንቆመውና ምግቡን የምናዘገየው እኛ ራሳችን ነን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ/ ልጃችሁ ባለፈው ዓመት በስልኩ ካዘጋጀው ነገር አንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምታችኋልን? ከሰማችሁ በኋላ ምን አላችሁት?

ለ/ በቤታችሁ «ገመና ነው» ተብሎ የማይነገር ነገር ባለቤቱ ማን ነው? እርሱን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁን?

ሐ/ ወጣቶች ሆይ፤ ሥራችሁን ለሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት የሚያርማችሁ ማን ነው? ከሌለ፣ ከማኅበረ ምእመናኑ ማንን ትመርጣላችሁ?

መ/ ዛሬ በደብራችን ካሉት እናቶችና አባቶች ድምፃቸው ሳይቀረጽ ሊያመልጠን የሚችለው የማን ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።